በውሰት የመጣ ራስ ቅል

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ አትላንታ ዳር ኮንየርስ፣ ከቤቴ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ጋራዥ ሴል አውጥቶ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰው አሮጌ ዕቃ ማገላበጥ አመል ሆኖብኛል። ልጄ «እማዬ ፕሊስ፣ ቤቱ እኮ ሞላ» ትለኛለች፤ እሺ እላለሁ፤ ቅዳሜ ሲደርስ ግን እግሬ አያርፍም። ጎዶሎ የሻይ ስኒ አለ፣ አንገቱ የተጣመመ መብራት አለ፣ የሟች ሚስቱ ኮት ሳይቀር ተሰቅሏል። ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ የቦውሊንግ ኳስ መያዣ ቦርሳ ተቀምጧል፤ ቀይ፣ ጎኑ ላይ ነጭ መስመር ያለበት፣ አፉ በትልቅ ዚፕ የሚዘጋ። ጎንበስ ብዬ ዚፑን ከፈትኩና አፍንጫዬን ከተትኩበት። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ያረጀ ፕላስቲክና ትንሽ ሻጋታ ነው የሸተተኝ፣ ሌላ ምንም የለውም። ፊቴ ግን ባንድ ጊዜ ጋለ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም አንድ ቃል ሳይናገረኝ፣ በሰው ግቢ መሀል አፍሬ ቆምኩ። ሽማግሌው «ለአንቺ በአንድ ዶላር» አለኝ። አልፈልግም ብዬ ቀና ሳልል ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

እኔ ድሮም ይሉኝታ ያጠቃኛል። እናቴ «ይቺ ልጅ በሰው ጥፋት የምታፍር ናት» ትል ነበር፤ እውነቷን ነው። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሲወድቅ የምቀላው እኔ ነኝ። አትላንታ ስመጣ ደግሞ የሚያሳፍረኝ ነገር ሞልቶ ፈሰሰ፦ እንግሊዝኛዬ፣ ምሳዬ፣ ጥሩወርቅ ብለው ስሜን ሲጠሩ ምላሳቸው የሚታሰርበት ነገር። ያኔ ክላርክስተን ነበርን። ዛሬ ክላርክስተን ብትሄዱ ሱቁም ጸጉር ቤቱም የኛ ሰው ነው፤ ያኔ ግን መንገድ ላይ አንድ ሐበሻ ካየን መኪና አስቁመን ነበር የምንሳሳመው። ቤተ ክርስቲያን አልነበረንም። ቄስ ለፋሲካ ከሌላ ስቴት ይመጡልንና ከፈረንጆች ለምነን ባገኘነው ምድር ቤት ውስጥ ይቀድሱልን ነበር። አውቶቡስ ስልሳ ሳንቲም ነው። የዶሮ እግር በትልቅ ከረጢት ሦስት ዶላር አይሞላም፤ ዶሮ እስኪያንገሸግሸን በላን። ወደ አገር ቤት ስልክ መደወል ግን የማይታሰብ ነው፤ ሰው «ደህና ናችሁ? ደህና ነን» ብሎ ይዘጋል፤ ለማልቀስ እንኳ ደቂቃው አይበቃም። ካሴት ከዋሽንግተን ይመጣል፣ ከካሴት ላይ ካሴት ሲገለበጥ ሲገለበጥ ዘፋኙ በርሜል ውስጥ የገባ ይመስላል፤ እኛም እሱን ከፍተን ጠዋት ተነስተን ዩኒፎርም እንተኩሳለን። ፋሽኑ ትከሻው ላይ ስፖንጅ የተሰፋበት ኮት ነበር። እኔ ቀጫጫ ስለነበርኩ ኮቴ ቀድሞኝ በር ይገባ ነበር። ወንዶቹ ደግሞ ጸጉራቸውን በቅባት አርጥበው ይመጡና የሶፋችንን መደገፊያ አጨማልቀው ይሄዳሉ።

አብረውኝ የሚኖሩት እትዬ የሺ ነበሩ። እናቴም አክስቴም አይደሉም፤ ያመጣን ስፖንሰር አንድ ስለነበረ ነው ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ አብረው የከተቱን። ረጅም፣ ጠይም፣ ሃምሳን የተሻገሩ፣ ሳቃቸው አጭር። ከተማ መሀል ሆቴል ክፍል ያጸዳሉ። ወሬ አይወዱም፤ ሰው ስለ ቤተሰብ ሲጠይቃቸው «አንድ ልጅ አለኝ፣ ደረጀ ይባላል፣ ፕሮሰሱ ሲያልቅ ይመጣል» ይሉና ወደ ማድ ቤት ይገባሉ። ያኔ ፕሮሰስ ላይ ያለ፣ የስደተኛ ወረቀቱን የሚጠብቅ ሰው የሌለው ማን ነበር? ሁላችንም ካርቱም ወይ ናይሮቢ ወይ ሮም የተንጠለጠለ ዘመድ ነበረን። ስለዚህ ማንም ሁለተኛ አይጠይቃቸውም። እኔም አንድ ቀን አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸው የሠሩትን ወጥ እየበላሁ፣ እሳቸው ባጠቡት አንሶላ ላይ እየተኛሁ።

እኔ ራጅ ማንሳት እማር ነበር። ቅዳሜና እሁድ ነርሲንግ ሆም ሽማግሌ አገላብጣለሁ፣ አጥባለሁ፤ በሥራ ቀን ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ። የውጭ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ዓመቱን ሙሉ እጄን አውጥቼ አላውቅም፤ አፌን ስከፍት ሁሉም ስለሚዞር። አስተማሪያችን ከደቡብ ጆርጂያ ገጠር የወጣች ወፍራም ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች፤ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች፤ ስትቆጣ ድምጿ ይቀንሳል። «የአጥንቱን ስም የማያውቅ ሰው ፎቶውን አያነሳም» ትለን ነበር። እኔ ራስ ቅል ማለት አንድ ወጥ ነገር ይመስለኝ ነበር። ሃያ ሁለት አጥንት ነው አሉኝና ክው አልኩ። ግንባር አንድ ነው። አናት ግን ግራና ቀኝ ተለያይቶ ሁለት ነው። ማጅራት ራሱን የቻለ አጥንት ነው፤ ጆሮ ግንድም፣ ጉንጭም እንደዚያው። ራስ ቅሉ ሆድ ውስጥ የሌሊት ወፍ የሚመስል አጥንት ክንፉን ዘርግቶ ተኝቷል። ከአፍንጫ ውስጥ ደግሞ መሀሉን የሚከፍል ስስ አጥንት አለ፤ ስሙ በላቲን ማረሻ ማለት ነው አለችን። ከዚያ ሁሉ ተማሪ ማረሻ በዓይኑ ያየ እኔ ብቻ እንደነበርኩ ባምንም ትንፍሽ አላልኩም። ከዓይን ጥግ፣ ከጣት ጥፍር የምታንስ አንዲት አጥንት አለች፤ እንባ በሷ በኩል ነው ወደ አፍንጫ የሚወርደው። እሷን ስንፈልግ ሁላችንም ዓይናችን ቀላ።

ፈተናው ሰኞ ጠዋት ነበር፤ ራስ ቅሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ በእንጨት ስንጥር እየነኩ ይሄ ምንድን ነው የሚሉት ዓይነት። ያንን የወደቀ ከፕሮግራሙ ይወጣል፤ ሁለተኛ ዕድል የለም። እኔ ከወጣሁ ዕድሜ ልኬን ሽማግሌ ሳገላብጥ ልኖር ነው። ዛሬ ሁሉም ፕላስቲክ ነው፣ ጭራሽ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚያዞሩት፤ ያኔ ግን እውነተኛ የሰው አጥንት ነበር ለተማሪ የሚዋሰው። ከህንድ ተገዝቶ ነው የመጣው ይባላል። ተራ በተራ ወደ ቤት እንወስዳለን፤ የኔ ተራ የመጨረሻው ቅዳሜና እሁድ ሆነ። «ሰኞ ጠዋት ይዘሽ ትመጫለሽ» አለችኝ አስተማሪዬ። «ፈተናው የሚሰጠው በዚሁ ነው። ያላመጣ አይፈተንም።» ቡናማ ነው እንጂ ነጭ አይደለም። አናቱ ተቆርጦ በሦስት ትንንሽ መንጠቆ ተያይዟል፣ መንጋጋው በሽቦ ሞላ ተይዞ ይከፈታል። የሚሰጠው በእንጨት ሳጥን ነው፤ ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሰው ራስ ቅል ብለው ጽፈውበታል። እሱን ታቅፌ አውቶቡስ ልሳፈር? በእግሬ ሄጄ ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ ልክ እንደዚያኛው ያለ ቀይ የቦውሊንግ ቦርሳ በዶላር ተኩል ገዛሁና በፎጣ ጠቅልዬ ከተትኩት። አውቶቡስ ላይ ጸጉሩ በቅባት የራሰ አንድ ጎረምሳ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ስንት ትጥያለሽ?» አለኝ ቦርሳውን እያየ።

ቦውሊንግ፣ ያ ኳስ አንከባለው የቆመ እንጨት የሚጥሉበት ጨዋታ፣ ምን እንደሆነ ያኔ እንኳ በደንብ አላውቅም። «ደህና ነው» አልኩት።

«ኳሱ ከባድ ነው?»

«አይ፣ ቀላል ነው። ባዶ ነው ውስጡ» አልኩት። እስኪወርድ ድረስ ሳቀብኝ።

ቤት ስደርስ ከእትዬ የሺ ደብቄ ክሎዜቴ ውስጥ ከኮቴ ሥር፣ ከጫማዎቼ መሀል ሸሸግሁት። የማጠናው መታጠቢያ ቤት በሩን ቆልፌ፣ ውኃውን ከፍቼ ነው። በሩን ያንኳኩና «ልጄ፣ ሆድሽን ነው?» ይሉኛል፤ «አዎ እትዬ» እላለሁ። እሁድ ከሰዓት ከሥራ ስመለስ ማድ ቤት ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቦርሳው ተከፍቷል፣ ራስ ቅሉ በንጹህ ነጠላ ላይ ተቀምጧል። ለካ ለፈተናዬ ዩኒፎርሜን ሊተኩሱልኝ ብለው ነው ካውያ ፍለጋ ክሎዜቴን የከፈቱት። አልጮኹም፣ አልተቆጡም።

«ማን ነው?» አሉኝ። ምንድን ነው አላሉም።

«የትምህርት ቤት ነው እትዬ፣ መማሪያ ነው። ነገ እመልሰዋለሁ።»

«ማን ነው ነው ያልኩሽ።»

«አይታወቅም። ከህንድ ተገዝቶ ነው የመጣ አሉ።»

«ተገዝቶ» አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት። «የማን ልጅ ነው የሚሸጠው?»

እኔ ሳፍር ወሬ ይበዛብኛል። ያን ቀንም ዝም ማለት ሲገባኝ ክፍል ውስጥ ያልተናገርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። ወንድ ነው፣ ቅንድቡ ጎላ ይላል፣ ማጅራቱ ላይ ያለው እብጠት ያስታውቃል። ጥርሶቹ አላለቁም፣ እነዚህ ስፌት የሚመስሉት መስመሮች ገና አልተዋሃዱም፣ ስለዚህ ልጅ ነው፣ ሃያ ቢሆነው ነው አልኳቸው። ከዚያ «እርግብግቢቱ የት ነበር?» አሉኝ። የግንባሩና የአናቱ ስፌት የሚገናኙበትን ቦታ አሳየኋቸው፤ ሕፃን ሳለ ክፍት እንደነበረ፣ ሲያድግ አጥንቱ ከየአቅጣጫው መጥቶ እንደዘጋው ነገርኳቸው። ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳረፉ።

«እዚህ ላይ እናቱ ቅቤ አድርጋለታለች» አሉ።

«ህንዶች ያደርጉ እንደሆን እንጃ።»

«እናት አይደለች እንዴ» አሉኝ። ጣታቸውን አላነሱም። «ይቀበር።»

«እትዬ፣ ካልመለስኩት አልፈተንም። ያባርሩኛል።»

«ሰው ሳይቀበር እቤት አይከርምም፣ ልጄ።»

«ዛሬን ብቻ ነው። በእናትዎ።»

«እንግዲያው ጫማ ሥር አይደር» አሉና ራሳቸው አንስተው ሳሎን ቡፌው ላይ አስቀመጡት፤ በነጠላው ሸፈኑት። እራት ሳይበሉ ክፍላቸው ገቡ። እኔም ማጥናት አቅቶኝ ተኛሁ።

ቀጥሎ የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። ጋሽ ካሳሁን የሚባሉ ታክሲ ነጂ ነበሩ፤ ያኔ በኛ ሰው መሀል ሞት ሲሰማ መጀመሪያ የሚደወለው ለሳቸው ነው። ሰው የሚሰበስቡት እሳቸው፣ መርዶ የሚያረዱት እሳቸው። እትዬ የሺ ደውለውላቸዋል። ቄስ በሌለበት በሞተ ሰው ላይ የትኛው መዝሙረ ዳዊት እንደሚጸለይ ጠየቋቸው። ከዚያ፣ በፈተናዬ ዋዜማ እንዳልረበሽ ብለው፣ «መደወሌን ለጥሩወርቅ እንዳትነግሯት» አሉ። አበቃ። ጋሽ ካሳሁን ማን ሞተ ብለው አልጠየቁም፤ እንዲህ ያለ ነገር በኛ ባህል በስልክ አይጠየቅም። አባቴ አገር ቤት ታሞ እንደነበረ ደግሞ ያላወቀ ሐበሻ አልነበረም። ጋሽ ካሳሁን ሁለቱን ገጣጠሙና ስልካቸውን አነሱ። ለአንዱ ደወሉ፣ እሱ ለሌላው ደወለ፣ ሴቶቹ ንፍሮ ጣዱ። ለእኔ ግን ማንም ምንም አላለኝም። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሳይቀድ፣ ቤቱ ድረስ ተሂዶ፣ ሰው ከብቦት ነው።

በሩ ሲንኳኳ የጥርስ ብሩሽ አፌ ውስጥ ነበር። ከፈትኩ። ደረጃው ሙሉ ሰው። ወንዶቹ ያንን ትከሻ የሚያሰፋ ጥቁር ኮት ለብሰዋል፣ ሴቶቹ ጥቁር ነጠላ አጣፍተዋል፣ አንዷ ትልቅ የንፍሮ ድስት ታቅፋለች። ደህና አደርሽ ያለኝ የለም። ሐበሻ ሆኖ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ዝምታ የመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ ማን አለ? አንዷ ሴትዮ ብሩሹን ከአፌ አወጣችልኝ። «ቁጭ በይ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ካሳሁን ባርኔጣቸውን እያወለቁ፤ «ሰው ነን፣ ሁላችንም ሟች ነን። አባትሽ ...» አላስጨረስኳቸውም። ወለሉ ላይ ተዘረርኩ። አባዬ፣ አባዬ እያልኩ ደረቴን ደቃሁ፣ ሴቶቹ ክንዴን ያዙኝ፣ ቤቱ በለቅሶ ተናጋ።

እትዬ የሺ ከመኝታ ቤታቸው ወጡ። «ማን ሞተ?» አሉ።

ጋሽ ካሳሁን ግራ ገብቷቸው «እትዬ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ የደወሉልኝ?» አሏቸው።

«እኔ የደወልኩት ለሱ ነው» አሉ ወደ ቡፌው እያመለከቱ። አንዷ ሄዳ ነጠላውን ገለጥ አደረገች። ድስት የያዘችው ሴትዮ ከነድስቷ ወደ በሩ ሸሸች።

ከዚያ ያለውን ልናገረው እንኳ ይጨንቀኛል። አንዱ ማማተብ ጀመረ፣ አንዱ «ድግምት ነው ወይስ ምንድን ነው በዚህ ቤት የሚሠራው?» አለ። ሌላው ዱሉዝ መጋዘን የሚሠራ ነው፣ «ቦሴን ለምኜ፣ ሺፍቴን ካንስል አድርጌ ለህንድ አጥንት ነው የመጣሁት?» ብሎ ጮኸ። አባቴ እንዳልሞተ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሲገባኝ ሳቄ መጣ። የጥርስ ሳሙና አገጬ ላይ ደርቆ፣ የተተኮሰው ዩኒፎርሜ ተጨማድዶ፣ ወለል ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ፤ ቀና ስል ያ ሁሉ ጥቁር የለበሰ ሰው ያየኛል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይሄ ወሬ ሳይመሽ ስማይርና ይደርሳል፣ እሁድ ቻርሎት ይሻገራል፤ ራስ ቅል ያስለቀሳት ሴትዮ ተብዬ ዕድሜ ልኬን ልጠራ ነው። ጋሽ ካሳሁን ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው «ኧረ ልጄ፣ ምን ጉድ ሠራሁሽ፣ ይቅር በይኝ» ይሉኛል፤ ላብ ግንባራቸው ላይ ይወርዳል። እኔ ግን ሰዓቱን ነው የማየው። ሁለት አውቶቡስ መቀየር አለብኝ፣ ፈተናው ሊደርስ ነው፣ እባካችሁ ውጡልኝ ማለት አማረኝ፣ ይሉኝታዬ ያዘኝ።

ሰዎቹ እያጉረመረሙ ወደ ጫማቸው ሲሄዱ እትዬ የሺ በሩን ዘግተው ቆሙ።

«አትሂዱ» አሉ። «ንፍሮው ተቀቅሏል። ጥቁር ለብሳችኋል። ሥራችሁንም ቀርታችኋል። ቁጭ በሉና ደረጀን አልቅሱልኝ።»

«ደረጀ ልጅዎ?» አሉ ጋሽ ካሳሁን። «ፕሮሰስ ላይ ነው አላሉንም?»

«ነው ስል ኖርኩ። ሬሳውን አልሰጡኝም። ማልቀስም ክልክል ነው አሉኝ። እኔም ካላለቀስኩለት አልሞተም ብዬ ዝም አልኩ።» ድምጻቸው እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ከፍም ዝቅም አላለ። «ትናንት ያንን ልጅ አናቱን ስነካው፣ የኔም እንዲሁ የሆነ ቦታ፣ ማንም ሳይሸፍነው እንዳለ ገባኝ። ብቻዬን ላለቅስለት አልችልም።»

መጀመሪያ የተቀመጠው ያ ሲጮህ የነበረው የዱሉዙ ሰውዬ ነው። ኮቱን አውልቆ ግድግዳውን ተደግፎ ወለል ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሴቶቹ ከመኝታ ቤት ፍራሽ ጎትተው አነጠፉ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። አንዷ ደረጀን በስሙ ጠርታ ሙሾ አወረደች፣ ሌሎቹ ተከተሏት። አንዳቸውም አይተውት አያውቁም። እያንዳንዳቸው ያላለቀሱለት የራሳቸው ሰው ሳይኖራቸው አይቀርም፤ ለቅሶው እንዲህ ነበር የሚመስለው። እትዬ የሺ መሀላቸው ተቀምጠው ዓይናቸው ደረቅ ነው። እኔም ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ፈተናው ይቅር አልኩ በልቤ፣ የልቤ ግማሽ ግን አባቴ ባለመሞቱ እፎይ እያለ፣ ግማሹ ደግሞ አውቶቡሱን እያሰበ ነበር፤ ከሳቸው ጎን ተቀምጬ ስለ አውቶቡስ ማሰቤ አንገቴን አስደፋኝ። አዩኝ። ተነሱ፣ ራስ ቅሉን ቦርሳው ውስጥ ከተቱና ዚፑን ዘግተው ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

«ተነሺ» አሉኝ።

«ዛሬ የትም አልሄድም እትዬ።»

«ደረጀ ያን ቀን ጠዋት ፈተና አለብኝ ብሎ ነው የወጣው። ቁርስህን ብለው ስመለስ አለኝ። አንቺ ሂጂ። ተፈትነሽ ነይ።»

ጋሽ ካሳሁን ቁልፋቸውን አወጡ። በታክሲያቸው ሲያደርሱኝ ሁለታችንም አፍረን መንገዱን ብቻ አየን። ክፍል ስገባ ዓይኔ አብጧል፣ ዩኒፎርሜ ሌሊቱን የለበስኩት ይመስላል። አስተማሪዬ ራስ ቅሉን ከቦርሳው አወጣችና አውራ ጣቷ አናቱ ላይ ቆመ። ስፌቶቹ የሚገናኙበት ቦታ ያበራል። ጣቷን አሸተተች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። ሁሉም ዞረ። እኔም ያኔ ነው ያየሁት። እትዬ የሺ ሌሊት ተነስተው ከፍሪጅ ያንን የፈረንጅ ቅቤ አውጥተው አድርገውለታል።

አላውቅም ማለት እችል ነበር። «ቅቤ ነው» አልኩ።

«ለምን?»

በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ «እናቱ እዚህ ስለሌለች» አልኩ። ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። ጆሮዬ ድረስ ጋለ፣ ዓይኔን ጠረጴዛው ላይ ተከልኩ። አስተማሪዬ ፎጣ ታነሳለች ብዬ ስጠብቅ አላነሳችም። ራስ ቅሉን ቀስ ብላ ቦታው ላይ አስቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ከቁጥር አንድ ጀምሩ» አለች። የማረሻውን አጥንት ጠየቁን፣ የሌሊት ወፏን ጠየቁን፣ ከዓይን ጥግ ያለችውን ትንሿን የእንባ አጥንት ጠየቁን። ሁሉንም ጻፍኩ። በሩ ላይ ስወጣ አስተማሪዬ ወረቀቴን አየት አደረገችና «አልፈሻል፣ ሂጂ ተኚ» አለችኝ። ራስ ቅሉ ከነቅቤው እዚያው ቀረ።

በአውቶቡስ ተመለስኩ፣ ባዶ ቦርሳዬን ይዤ። ወደ ቤት ስቃረብ ደረጃው በጫማ ተሞልቷል፤ ከጠዋቱ ሰው እጥፍ መጥቷል። ታች ቤት የሚኖሩት ቬትናሞች ምን እንደሆነ ሳይገባቸው በሳህን ሩዝ ይዘው መጥተው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። የዱሉዙ ሰውዬ ሺፍቱን ትቶ ዳዊት ይደግማል። በሩ አጠገብ ያለችው ሴትዮ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጠብታ አልወጣቸውም፣ እንዲህ ሲታመቅ ጥሩ አይደለም» አለችኝ። እትዬ የሺ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ጥላዬን አይተው ቀና አሉ። መጀመሪያ እግሬን አዩ፣ ከዚያ ፊቴን።

«መጣሽ?» አሉኝ።

«መጣሁ እትዬ።»

«ተፈተንሽ?»

«አዎ።»

«አለፍሽ?»

ወድቄያለሁ ብዬ ብዋሽ በወደድኩ። «አለፍኩ» አልኩ።

ያኔ ነው የጮኹት። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ድንገተኛ ክፍል አጠገብ ራጅ አንስቻለሁ፣ የሰው ጩኸት ብዙ ዓይነት ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ አልገጠመኝም። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙና ልጃቸውን ጠሩት፣ ሴቶቹም ወደሳቸው ተሰበሰቡ። ከዚያ ሁሉ ሰው የቆምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ላይ እንደቆምኩ፣ ጠዋት ወጥቼ በሰላም በመመለሴ አፈርኩ።